የግራው ስፒከር

በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ በጥቅምት ወር በሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የፊዚክስ መምህሩ አንለይ ደምለው ከወንበሩ ተነሣ፤ የኮቱን የላይኛ ቁልፍ ቆለፈ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያም ሳሎኑ ውስጥ ለተሰበሰበው ሕዝብ፣ የቤቱ ቴፕ የግራ ስፒከር ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ።

የተሰበሰበው ሕዝብ ባለቤቱ የብርጓልና ወንፊት ልትዋስ የመጣች አንዲት ጎረቤት ነበሩ። ጎረቤቷ "ነፍስ ይማር" ልትል አፏን ከፈተችና የየብርጓልን ፊት አይታ ዘጋችው።

የብርጓል ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "ሲሠራ መቼ ነበር?" አለች።

እውነቷን ነው። ያ ስፒከር ሲገዛም ያስል ነበር። ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ተጠግኗል፤ በሦስተኛው ጠጋኙ "ይህን ከማድን ሌላ ብፈጥር ይቀለኛል" ብሎ በፌስታል መልሶታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ዘፈንም፣ መዝሙርም፣ ዜናም በቀኝ በኩል ብቻ ሲሰማ ኖሯል። ማንም ቅር ያለው አልነበረም።

"ተዘጋጅቼበታለሁ" አለ አንለይና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ አንድ አምፕሊፋየርና ቁመታቸው ሰው ወገብ የሚደርስ ሁለት ስፒከሮች ተጽፈዋል። ከግርጌ ዋጋው አለ።

የስፌት መኪናዋ ቆመች።

"ሰባ ስምንት ሺህ" አለች የብርጓል።

"ከነገመዱ" አለ አንለይ።

ጎረቤቷ ወንፊቱን ይዛ ወጣች። ነገሩ እኛ ጎረቤቶች ጋ የደረሰው በዚያ ወንፊት ነው።

ባልና ሚስቱ ሦስት ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ ነበራቸው፤ ሮቶ ሊገዙበት። በዚያ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፤ ስትመጣም አንገቷን አስግጋ አይታ ትሄዳለች። የየብርጓል ጓሮ በቢጫ ጀሪካን የተሞላ ነው። ሮቶው የሚቀመጥበት ብረት እንኳ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አጥሩ ሥር ባለቤቱን ይጠብቃል።

"ሮቶ አይዘፍንም" አለ አንለይ።

"ስፒከርም አይታጠቡበትም" አለችው።

አንለይ ስፒከሩን ለምን እንደሚፈልገው ሰው ሲጠይቀው ስለ ድምፅ ሞገድ ያስረዳል፤ ጠያቂው ሰዓቱን እስኪያይ ድረስ ያስረዳል። እውነተኛው ምክንያት ግን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጋብቻ የምስክር ወረቀቱ ሥር፣ በአንዲት ካሴት ላይ ነው ያለው።

ከሃያ አራት ዓመት በፊት ሠርጉ ይጁቤ ላይ፣ በሙሽሪት አባት ግቢ ሲደገስ፣ ሰው ተቀጥሮ በካሴት ቀርጾታል። የአንለይ አባት አቶ ደምለው ከሦስት ሰዓት መንገድ በበቅሎ መጥተው፣ ዳሱ መሐል ቆመው መረቁ። ምርቃቱ የአባት ምርቃት ነው፤ ሕዝቡም አሜን አለ። ሲጨርሱ ግን ሙሽሮቹ ወደተቀመጡበት ቀረቡ። በግራ በኩል፣ በሙሽሪት በኩል ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ትከሻ ጨበጡና ስሙን ጠሩት። አንድ ነገር ተናገሩ። በዚያች ቅጽበት እልልታው ዳሱን ሊያነሣው ደረሰ። አንለይ ከስሙ በቀር ምንም አልሰማም። የሙሽራ ወግ ነውና አንገቱን ደፍቶ "አሜን" አለ።

በኋላ እጠይቃቸዋለሁ ብሎ ነበር። አባትየው ግን ሳይመሽ ብለው ተነሡ። ያም ሆኖ መሽቶባቸዋል፤ በቅሎዋ መንገድ ላይ ካለው ወንዝ ገብታ አፏን ውሃው ውስጥ እንደ ነከረች ጀንበር እስኪጠልቅ አልወጣ አለች ይባላል። በስድስተኛው ወር አቶ ደምለው ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ ሰው አንለይን ከቦ "ለመሆኑ ያን ጊዜ ምን ብለው ነበር?" አለው። አልሰማሁም፣ ዝም ብዬ ነው አሜን ያልሁት ለማለት የሚመች ለቅሶ የለም። አንለይ ጥቂት አሰበና፣ "'ልጄ፣ ከእኔ የበለጥህ ሁን' አሉኝ" አለ።

የሟች እኅት እትዬ ጤናዬ ወዲያው ደረቷን መታ መታ አድርጋ፣ "እኔም በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ" አለች። የሙሽሪት አጎት አያ አበባው፣ በደጀን መንገድ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱት፣ "አጠገባቸው አልነበርሁ?" አሉ። መሪጌታ ሀይለመለኮት "ቃል በቃል" አሉና አጸኑት።

ከዚያ በኋላ ቃሉ የአንለይ መሆኑ ቀረ። በአርባው መሪጌታ ቅኔ ተቀኙበት። በሙት ዓመቱ መቃብሩ ላይ ተቀረጸ። የብርጓል በነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር ጠልፋ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። አንለይ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አጥሩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ጻፈው፤ ከሥሩ "ሣሩን አትርገጡ" የሚል አለ።

አንለይም ሦስት ሰው ሲመሰክርለት፣ ውሎ ሲያድር፣ ምናልባት በእርግጥ ብለውት ይሆን ወይ ማለት ጀመረ። ምስክሮቹን እንዳይጠይቅ ምን ብሎ ይጠይቃል? በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የብርጓል ገበያ ስትወጣ በሩን ይዘጋና፣ ካሴቱን ከትቶ፣ ጆሮውን ቴፑ ላይ ይለጥፋል። እልልታ ይሰማል። ከእልልታው ሥር አንድ ሽማግሌ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያጉረመርም ይመስላል። ደግሞ እልልታ። በሩን ይከፍታል።

ወረቀቱ የመጣው ከውበቱ ሱቅ ነው። ውበቱ የአንለይ የድሮ ተማሪ ነው፤ በፊዚክስ ወድቆ በፊዚክስ ዕቃ የከበረ። አንለይ ካሴቷን ይዞለት ሲሄድ፣ ውበቱ ቀራጩ ልባሷ ላይ በእስክርቢቶ የጻፈውን አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

"በሁለት ማይክ ነው የተቀረጸው። ቀኙ ዘፋኞቹ ጋ፣ ግራው ሙሽሮቹና ሽማግሌዎቹ ጋ። የእርስዎ ቴፕ ግራውን አያወጣም አይደል ቲቸር? እንግዲያው የሠርግዎን ግማሽ ሰምተውት አያውቁም።"

አንለይ ሱቁ ውስጥ የነበረውን በርጩማ ፈልጎ ተቀመጠ።

"ፍላሽ ላይ ገልብጥልኝና በስልኬ ልስማው" አለ በመጨረሻ።

"እገለብጣለሁ። ፍላሹ ግን ከስፒከሩ ጋር ነው የሚመጣው። በስልክ ከሰሙት ስፒከሩን ማን ይገዛኛል?"

አንለይ ይህን ልጅ በፊዚክስ ለምን እንደ ጣለው ሊያስታውስ ሞከረ። አልቻለም።

እቤት ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። የብርጓል ሦስት ነገር ብቻ ነበር የምትለው፤ ውሃ፣ ውሃ፣ ደግሞም ውሃ። በሦስተኛው ቀን ግን ነገር አዞረች።

"የአባቴን ድምፅ ልስማ ነው እንዳትለኝ" አለች፤ በመርፌዋ ግድግዳውን እያመለከተች። "ያሉት እዚያ አለ። ሃያ ሦስት ዓመት አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ። የምታውቀውን ለመስማት ነው ሰባ ስምንት ሺህ?"

አንለይ ጥልፉን አየው። አላውቀውም ቢል መቃብሩም፣ ቅኔውም፣ የትምህርት ቤቱ አጥርም አብረው ይፈርሳሉ።

"በጥራት ለመስማት ነው" አለ።

"በጥራት" አለች የብርጓል፤ ቃሉን እንደ ተበላሸ ስፌት ገልብጣ እያየችው። "እንግዲያው ሽማግሌ ይየው። ያጋቡን ሽማግሌዎች አሉ፤ እነሱ ይጨርሱት።"

ያጋቧቸው ሽማግሌዎች መሪጌታ ሀይለመለኮትና አያ አበባው ናቸው። እትዬ ጤናዬን ማንም አልመረጣትም፤ እሷም እስክትመረጥ አልጠበቀችም። ሦስቱ የድንበር ክርክር ዳኝተዋል፤ የፈረሰ ትዳር መልሰዋል፤ አንዴም በሬ ያስታረቁ ናቸው ይባላል። ስፒከር ዳኝተው አያውቁም። ይሁን እንጂ ጠላ መጠመቁ ተሰምቷልና እምቢ ያለ የለም።

አንለይ ግን ስማቸውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ሦስቱም ምስክሮቹ ናቸው። በልቡ መከረ፤ ዘፈኑን ያሰማቸዋል፣ ይፈርዱለታል፣ ምርቃቱ ሳይደርስ ያጠፋዋል። እነሱ ሲሄዱ ብቻውን ይሰማዋል።

እሑድ በስምንት ሰዓት ውበቱ ዕቃውን በባጃጅ ሁለት ዙር አመላልሶ አደረሰ። ሁለቱ ስፒከሮች ከጥልፉ ግራና ቀኝ ቆሙ። እትዬ ጤናዬ ገና ከበር ላይ ቆም አለች።

"ቁም ሣጥን ነው?"

"ስፒከር ነው እትዬ" አለ ውበቱ።

"ልብስ አይገባበትም?"

"አይገባበትም።"

"በዚህ ሁሉ ብር" አለችና ገብታ ተቀመጠች።

መሪጌታ የመጀመሪያውን ጠላ ከጨረሱ በኋላ ሸንጎውን ከፈቱ። ወንበራቸውን አንሥተው ፊታቸውን ወደ በሩ፣ ጀርባቸውን ወደ ስፒከሩ አዞሩ።

"ዕቃውን እያየን ከፈረድን ዓይናችን ነው የሚፈርደው" አሉ። "እዚህ የተጠራነው ጆሯችንን ይዘን ነው። ዙሩ።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ተቀጣ ተማሪ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደረደሩ። ውበቱ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን እንዲያሰማ ታዘዘ። አንድ የሠርግ ዘፈን ተሰማ።

አያ አበባው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር በድምፁ ያከሙ ሰው ናቸው።

"ሞተሩ ንጹሕ ነው" አሉ። "ቫልቩ አያንኳኳም። ዳገት ላይ አይተነፍስም።"

"ልቤን መታኝ" አለች እትዬ ጤናዬ። "ደም ብዛት ላለበት ሰው ነው የማዝነው።"

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። "ከዚያ ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር የሰማይና የምድር ያህል ነው።"

"መሪጌታ" አለ ውበቱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አሁን የተሰማው አሮጌው ነው።"

የብርጓል መርፌዋ ላይ ክር ልታስገባ ዓይኗን አጠበበች፤ ሳቋን የደበቀችው በዚያ ነው።

መሪጌታ አልተናወጡም። "እኔስ ምን አልሁ? ምድሩን ሰማን። አሁን ሰማዩን አምጣ።"

ውበቱ ሰማዩን አመጣ። ድምፁ ሲወጣ የጠላ ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጡ፤ ጣሪያው ላይ የነበረች ርግብ ተነሥታ በረረች። ሦስቱም "ይህስ ሌላ ነው" አሉ፤ ግን ካለፈው የተነሣ ዝቅ አድርገው ነው ያሉት።

የብርጓል ያን ጊዜ ተነሥታ መሐል ቆመች።

"አባቶቼ፣ 'ሌላ ነው' ማለት ቀላል ነው። አሮጌውንም ብላችሁታል። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። በዚህ ዕቃ ስትሰሙ፣ በፊት ያልተሰማ ምን ተሰማ? አንድ ነገር ቁጠሩልኝ። ከተገኘ ይገዛ፤ ካልተገኘ ውበቱ ባጃጁን ይጥራና ሮቶዬ ይምጣ።"

"ፍርድ ማለት ይህ ነው" አሉ መሪጌታ። "የሠርጉ ካሴት ይምጣ። በአሮጌው ሁላችንም ሰምተነዋል። በአዲሱ ያልተሰማ ከተሰማ ይታወቃል።"

የብርጓል ይህንን አላሰበችም ነበር። አንለይ ደግሞ ውበቱን በዓይኑ ጠራውና ጆሮው ላይ "ዘፈኑን ብቻ" አለው። ውበቱ ፍላሹን ሰካ።

መጀመሪያ ሹክሹክታ መጣ፤ ዝናብ ከሩቅ እንደሚመጣው። ከዚያ ከበሮው ወደቀ። በአሮጌው ቴፕ ከበሮው ሁልጊዜ ሰው ጆንያ የሚያራግፍ ይመስል ነበር። አሁን የመቺው ጣት ቆዳው ላይ ሲያርፍ ይሰማል፤ እጁ ላይ ያለው ቀለበት የከበሮውን ጠርዝ ሲነካ ይሰማል። አንድ ሕፃን አስነጠሰ፤ አንዲት ሴት "ይማርህ" አለች። ሃያ አራት ዓመት ያ ሕፃን ማንም ሳይሰማው አስነጥሷል።

አያ አበባው ድንገት ቀኝ እግራቸውን ዘረጉ፤ ነዳጅ የሚረግጡ ይመስል።

"ዝም በሉ" አሉ። ማንም አልተናገረም ነበር። ከዳሱ ውጭ፣ ከዘፈኑ ኋላ፣ አንድ ትልቅ መኪና እያጓራ ገብቶ ቆመ። "የኔ ናት" አሉ አያ አበባው። "ሁለተኛ ማርሿ እንደዚህ ነበር የሚያለቅሰው። ያን ቀን አረፈደች ብላችሁ አምታችሁኛል፤ ስሙ፣ ሙሽራው ሳይገባ ደርሻለሁ።" ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ያቺ መኪና ከተሸጠች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል።

ቀጥሎ አንዲት ቀጭን ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጥታ ዘፈኑን ተቀበለች። እትዬ ጤናዬ ተረስቷት ዞረች። ስፒከሩን ፊት ለፊት አየችው።

"ይህች እኔ ነኝ" አለች። "ድምፅ ነበረኝ ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። ነበረኝ እኮ።"

"ነበረሽ" አሉ መሪጌታ፤ እሳቸውም ዞረው ነበር። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ቢሆኑም ማንም አላነሣባቸውም። ከግራው ስፒከር የራሳቸው የጎልማሳነት ሳል ሲመጣ ሰምተዋል፤ ያን ሳል እንደ ወዳጅ ነው የተቀበሉት።

አጥሩ ላይ እኛ ጎረቤቶች ተደርድረን ነበር። ወንፊት የተዋሰችውም ወንፊቱን ልትመልስ መጥታ እዚያው ቆማለች። እትዬ ጤናዬ ስፒከር ውስጥ እልል ስትል ሴቶቹ አጥር ላይ ሆነው ተቀበሏት። የዚያን ቀን ሠርግ የሌለበት ሠርግ ሆነ።

መሪጌታ ተነሡ።

"አንድ ነገር ቁጠሩ ተብለን አራት ቆጠርን። ቀለበት፣ ሕፃን፣ መኪና፣ የጤናዬ ድምፅ። ሳሌን አልቆጠርሁም። ስፒከሩ ይገዛል። ለአንለይ ይደልዎ።"

አንለይ ደረቱ ሰፋ። ውበቱ እጁን ጨበጠው። ከአጥሩ ሰው አጨበጨበ። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያስተምር እንዲህ ተጨብጭቦለት አያውቅም። የቤቱ ጣሪያ ከፍ ያለ መሰለው፤ ሮቶውን ትቶ ሰማይ የገዛ መሰለው።

"እሺ፣ ይገዛ" አለች የብርጓል።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ሦስት ቀን ሙሉ የተከራከረች ሴት በሁለት ቃል መረታቷን ተቀበለች።

"ተስማምቻለሁ። ሮቶው ይቆይ፤ በጀሪካን ኖረናል። በቃ፣ አሁን አጥፋው ውበቱ። ጠላው እየሞቀ ነው።"

ውበቱ እጁን ወደ አምፕሊፋየሩ ላከ፤ አንለይም ዘፈኑን ብቻ ብሎት ነበርና።

"ምኑን ነው የሚያጠፋው?" አሉ መሪጌታ። "ምርቃቱ ሳይሰማ?"

"የወንድሜ ቃል እኮ ሊመጣ ነው" አለች እትዬ ጤናዬ። "ያቺን ቃል በዚህ ዕቃ ካልሰማኋትማ ምን ሰማሁ? በዚህ ጆሮዬ ነበር የሰማኋት።"

"አጠገባቸው አልነበርሁ?" አሉ አያ አበባው።

"ቃል በቃል ነው የማስታውሰው" አሉ መሪጌታ። "ይኸው ግድግዳውም ላይ አለ።"

"ቀን አለን፤ ሌላ ጊዜ ትሰሙታላችሁ" አለች የብርጓል። "አንለይ፣ አጥፋው።"

አንለይ ሚስቱን አላያትም። ሦስቱን ሽማግሌዎች አየ። አንዳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም፤ ሃያ አራት ዓመት የመሰከሩት ነገር እስኪወጣ እንደ ልጅ ነው የቸኮሉት። ሦስት ሰው እኮ አብሮ አይዋሽም። እንግዲያው ብለውታል። ባያውቅም ገምቶ ደርሶበታል፤ ልጅ የአባቱን ልብ ያውቃል። ይህ ሐሳብ እንደ ጠላው ሞቆ ወረደለት። ሄዶ መስኮቱን ሁለቱንም ክንፍ ከፈተ፤ አጥር ላይ ላለነውም እንዲደርስ። ከዚያ የድምፁን መዘውር በገዛ እጁ እስከ መጨረሻው አዞረው።

የብርጓል ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ ተቀመጠች። አንድ የተማሪ ዩኒፎርም አንሥታ ክሳዱን መጥለፍ ጀመረች፤ ዩኒፎርም ክሳዱ አይጠለፍም።

ዘፈኑ ቆመ። ሰው ሲነሣ፣ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ከግራው ስፒከር የአቶ ደምለው ድምፅ ወጣ።

ጉድጓድ ውስጥ አልነበሩም። እዚህ ነበሩ፤ ከጥልፉ አጠገብ።

"ዘራችሁ እንደ ጤፍ ይብዛ።"

"አሜን" አለ ዳሱ።

"ጎተራችሁን ክዳን ይጠረው።"

"አሜን።"

"በሬያችሁ ቀንበር ላይ አይታመም። ደጃችሁ እንግዳ አይጣ።"

"አሜን" አለ ዳሱ፤ ሳሎኑም አብሮ አለ፤ አጥሩም አለ። እትዬ ጤናዬ እንባዋን ለቀቀችው። መሪጌታ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ እያደረጉ ነበር።

ከዚያ የምርቃቱ ድምፅ ወረደ። እርምጃ ተሰማ፤ የሽማግሌ ትንፋሽ ተሰማ፤ ጋቢ ከጋቢ ሲነካካ ተሰማ። በቀኙ ስፒከር እልልታው ጀመረ፤ ግራው ግን የራሱን ይናገራል፤ እልልታው አልደረሰበትም።

"አንለይ" አሉ አቶ ደምለው።

"አቤት" አለ አንለይ። ካሴቱ ውስጥ ያለው የሃያ ሰባት ዓመት ሙሽራም፣ ሳሎኑ መሐል የቆመው መምህርም እኩል አሉት።

"ለመሆኑ በቅሎዋን ውሃ አጠጣችኋት?"

"አሜን" አለ ዳሱ። ከሁሉ ቀድሞ የመሪጌታ ሀይለመለኮት ድምፅ፣ ከሱ ቀጥሎ የአያ አበባው፣ ከሱ ቀጥሎ የእትዬ ጤናዬ፣ በመጨረሻም አንገቱን የደፋው የሙሽራው፤ አንድ በአንድ፣ በጥራት።

ፍላሹ አለቀ። ሳሎኑ ውስጥ ማንም ማንንም አላየም። መሪጌታ ባዶ ብርጭቆአቸውን አንሥተው ጠጡበት።

የብርጓል ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"አላጠጣናትም" አለች።